ቻርሊ ፖላርድ፦ መሞት የነበረባት የጊዜ ተጓዥ

ቻርሊ ፖላርድ «ዶክተር ሁ» በተባለው የእንግሊዞች የሳይንስ ልብ ወለድ ዓለም ውስጥ ያለች ገጸ ባሕርይ ናት። የምትታወቀው ግን በቴሌቪዥን አይደለም። ከ2001 ጀምሮ ሕይወቷን ያሳለፈችው በድምፅ ድራማ ነው። ሙሉ ስሟ ሻርሎት ኤልስፔት ፖላርድ ይባላል። የምትጫወታት ኢንዲያ ፊሸር ናት። አብራው የምትጓዘውን ስምንተኛውን ዶክተር ደግሞ ፖል ማጋን ይጫወተዋል። አዘጋጁ ቢግ ፊኒሽ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

በጊዜ ጉዞ ታሪኮች ውስጥ የጉዞ ባልደረባ ብዙ ጊዜ ጠያቂ ናት። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ትላለች፣ ጀግናው ያብራራል። ትያዛለች፣ ጀግናው ያስፈታታል። ደራሲዎቹ ቻርሊ ላይ ግን ከዚህ የከበደ ነገር ጫኑባት። የታሪኩ ችግር እሷው ራሷ ናት። በታሪክ መዝገብ ላይ ሞታለች፤ ዶክተሩ ደግሞ አዳናት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዘዝ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚች ደግነት ነው።

ዶክተሩና ሰማያዊው ሳጥን

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። «ዶክተር ሁ» በቢቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ዶክተሩ ጋሊፍሬይ ከምትባል ፕላኔት የመጣ፣ የጊዜ ጌቶች ከሚባሉት ወገን ነው። በጊዜም በኅዋም የሚጓዘው ታርዲስ በምትባል መንኮራኩር ነው። ታርዲስ ከውጭ ስትታይ ድሮ በእንግሊዝ ጎዳናዎች ላይ ይቆም የነበረ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ናት። ውስጧ ግን ከውጯ ይሰፋል። ዶክተሩ ሊሞት ሲል ሰውነቱ ይለወጥና አዲስ መልክና አዲስ ጠባይ ይዞ ይነሳል። ይሄ ብልሃት ለአዘጋጆቹም ጠቅሟቸዋል፤ ተዋናይ ቢለቅ ሌላ ይተካል፣ ታሪኩ ይቀጥላል። ዶክተሮቹ ስድስተኛው፣ ስምንተኛው እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩትም ለዚህ ነው። ዶክተሩ ብቻውን መጓዝ አይሆንለትም። ገና ከመጀመሪያው የልጅ ልጁ ሱዛንና ሁለት አስተማሪዎቿ አብረውት ነበሩ።

ተከታታዩ በ1989 ቆመ። በ1996 ማጋን ዶክተሩን የተጫወተበት አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ወጣ። አዲስ ተከታታይ ይወልዳል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፣ አልወለደም። ሰውዬው የአንድ ምሽት ዶክተር ሆኖ ቀረ። ዝግጅቱ ወደ ቴሌቪዥን የተመለሰው በ2005 ነው። ቻርሊ የተፈጠረችው በዚህ መሃል፣ ስክሪኑ ጨለማ በነበረበት ጊዜ ነው።

ያለ ምስል መስማት የለመደ አድማጭ

«ዶክተር ሁ»ን በጆሮ መከታተል ድንገት የመጣ ነገር አይደለም። ቢቢሲ የ1960ዎቹን ብዙ ክፍሎች ቴፕ ለመቆጠብና ቦታ ለማስለቀቅ ሲል አጥፍቷቸዋል። ምስሉ ጠፋ፣ ድምፁ ግን ተረፈ። ያተረፉት አድናቂዎች ናቸው። ቪዲዮ መቅረጫ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ቴፕ መቅረጫቸውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው ይቀዱ ነበር። አንድ ትውልድ የሚወደውን ድራማ የሚያውቀው በጆሮው ነው ማለት ይቻላል።

በ1980ዎቹ ደግሞ ጥቂት ወጣት አድናቂዎች ራሳቸው ድራማ እየጻፉ፣ ራሳቸው እየተወኑ በካሴት ማሰራጨት ጀመሩ። «ኦዲዮ ቪዡዋልስ» ይባል ነበር። ዶክተሩን ከተጫወቱት አንዱ ኒኮላስ ብሪግስ ነው። ይሄንን ስም ያዙት። በ2005 ቴሌቪዥኑ ሲመለስ የዳሌኮቹን፣ ማለትም የእነዚያን ጩኸታም ብረት ለበስ ጠላቶች ድምፅ የሰጠው እሱ ነው። የሰፈር ጨዋታ የሚመስለው ነገር የሥራ ልምድ ሆነለት።

ቢቢሲ ራሱም በሬዲዮ ሞክሯል። በ1985 በሬዲዮ 4፣ በ1993 ደግሞ በሬዲዮ 5 ድራማዎች ቀርበዋል። ግን ተከታታይነት አልነበራቸውም። ቀጣይ ሥራ ያደረገው ቢግ ፊኒሽ ነው። ኩባንያው በ1998 በርኒስ ሰመርፊልድ የተባለች የመጻሕፍት ገጸ ባሕርይ ይዞ ጀመረ። ከዚያ ከቢቢሲ ፈቃድ አገኘ። በጁላይ 1999 የመጀመሪያውን የዶክተር ሁ ድራማ «ዘ ሳይረንስ ኦፍ ታይም»ን አወጣ። ደራሲው ብሪግስ ነው። በቴሌቪዥን ዶክተሩን የተጫወቱ ሦስት ተዋንያን፣ ፒተር ዴቪሰን፣ ኮሊን ቤከርና ሲልቬስተር ማኮይ፣ አንድ ላይ መጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ርካሽም ነው። ጭራቅ ለማሳየት ጎማና ቀለም አያስፈልግም። ተዋንያኑ በስቱዲዮ ውስጥ በየክፍላቸው ማይክሮፎን ፊት ቆመው ጽሑፉን ያነባሉ። ባለ አራት ክፍሉ ድራማ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን ይቀረጻል። ከዚያ የድምፅ ባለሙያው ሥራ ይጀምራል። በሩን፣ ዝናቡን፣ ሞተሩን፣ ሙዚቃውን ያስገባል። በሬዲዮ ድራማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይሄ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ የሚሸጠው በሲዲ፣ ኋላም በኢንተርኔት መሆኑ ነው። አድማጩ የጣቢያ ሰዓት አይጠብቅም፤ ግን ኪሱ ይነካል።

እዚህ ላይ ከቻርሊ በፊት የመጣች አንዲት ሴት መዝለል አልፈልግም። በማርች 2000 ኤቭሊን ስማይዝ የተባለች ገጸ ባሕርይ ወጣች። ማጊ ስቴብልስ ተጫወተቻት። የታሪክ መምህርት ናት፣ ዕድሜዋ 55። በቴሌቪዥኑ የዶክተሩ ባልደረባ ሁልጊዜ ወጣት ቆንጆ መሆን አለባት የሚባለውን ልማድ ሰበረች። በስክሪን ቢሆን ይሄንን የሚደፍር አዘጋጅ በዚያን ጊዜ የሚገኝ አይመስለኝም። በድምፅ ግን ማን ያየዋል?

አር 101

የቻርሊ ታሪክ የተተከለው በእውነተኛ አደጋ ላይ ነው። አደጋውን ሳያውቁ ድራማውን መስማት ይቻላል። ካወቁት ግን ይበልጥ ይከብዳል።

አር 101 የእንግሊዝ መንግሥት ያሠራት የአየር መርከብ ነበረች። ክንፍ የላትም። ሆዷን በሃይድሮጂን ሞልተው ነው የሚያንሳፍፏት። ርዝመቷ መጨረሻ ላይ 237 ሜትር ያህል ደርሶ ነበር። የተሠራችው ካርዲንግተን፣ ቤድፎርድሺር ውስጥ ነው። ዓላማው ሰፊውን የእንግሊዝ ግዛት በአየር ማገናኘት ነበር፤ ለንደንን ከግብፅ፣ ከሕንድ፣ ከዚያም አልፎ። ሃይድሮጂን በቀላሉ እንደሚቀጣጠል ሁሉም ያውቅ ነበር። የማይቀጣጠለው ሂሊየም ግን ውድና በአሜሪካ እጅ ያለ ነገር ነበር።

ኦክቶበር 4 ቀን 1930 ማታ ወደ ካራቺ ተነሳች። መንገዷ በግብፅ፣ በኢስማዒልያ በኩል ነበር። የአየር ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ቶምሰን ተሳፍረዋል። የመብረር ፈቃዷ የተሰጠው በጥድፊያ ነው። አየሩም መጥፎ ነበር። ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ኦክቶበር 5፣ ሰሜን ፈረንሳይ ቦቬ አጠገብ ኮረብታ ላይ ወድቃ ነደደች። ከ54ቱ ሰዎች 48ቱ ሞቱ። ሚኒስትሩም ሞቱ። እንግሊዝም ከዚያ ወዲህ የአየር መርከብ ሥራዋን እርግፍ አድርጋ ተወች።

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ መስከረም 25 ቀን 1923 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ሽር ጉድ የምትልበት ወቅት ነው፤ ዘውዱ የተጫነው ጥቅምት 23 ነው። ዘመኑን በዓይነ ሕሊና ለማምጣት ይረዳ እንደሆነ ብዬ ነው።

«ስቶርም ዋርኒንግ»

አላን ባርንስ የጻፈው «ስቶርም ዋርኒንግ» በጃንዋሪ 2001 ወጣ። ማጋን ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ዶክተሩ የተመለሰበት ሥራ ነው። ለእሱ ታሪኮች የዝግጅቱን የታወቀ መግቢያ ዜማ ዴቪድ አርኖልድ እንደ አዲስ አቀናበረው።

ታሪኩ አር 101 ላይ ነው። ዶክተሩ በመጨረሻው በረራዋ ላይ ይገኛል። ቻርሊም እዚያ አለች። 18 ዓመቷ ነው። ከሀብታም ቤት ጠፍታ፣ የወንድ አስተናጋጅ መስላ ተደብቃ ተሳፍራለች። ዓለምን ማየት ትፈልጋለች፣ ሲንጋፖር መድረስ ታልማለች። ራሷን የምታስተዋውቀው «የኤድዋርድ ዘመን ጀብደኛ» እያለች ነው። እዚህ ላይ አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። የተወለደችው ታይታኒክ ከበረዶው ግግር ጋር በተጋጨችበት ዕለት፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ የሞተው ደግሞ በ1910። በጥብቅ ከተቆጠረ የኤድዋርድ ዘመን አልደረሰባትም። ስሙን ስላማራት ወሰደችው። ልጅቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም።

መርከቧ ላይ ሌላም ሚስጥር አለ። አንድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ተደብቋል። በረራውም ለሌላ ዓላማ ሽፋን ነው። ጊዜን የሚመገብ፣ እንደ ወፍ የሚበር አንድ አውሬም አለ፤ ቻርሊ ራምሴይ ብላ ስም ታወጣለታለች። ይሄ የጀብድ ክፍሉ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ያልፋል። የሚከብደው መጨረሻው ነው። ዶክተሩ የመርከቧን ዕጣ ያውቃል። አደጋው መድረስ አለበት፤ ታሪክ ነው። ተሳፋሪዎቹን ማትረፍ አይችልም። ቻርሊን ግን ይዟት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው የሠራው ነገር የሚገባው። ልጅቷ ከሞቱት ጋር መሞት ነበረባት።

ዶክተሩ ዝም ይላል። አይነግራትም። አድማጩ ግን ያውቃል። ከዚህ ወዲህ ባሉት ታሪኮች ሁሉ፣ ቻርሊ ስትስቅ እንኳ፣ ከሳቋ ሥር ይሄ ነገር አለ። የቀጠሉት «ሶርድ ኦፍ ኦራየን»፣ «ዘ ስቶንስ ኦፍ ቬኒስ» እና «ሚኑዌት ኢን ሄል» የተለያየ ጥንካሬ አላቸው። የመጨረሻው እንደውም ደካማ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ግን እሷና ዶክተሩ ሲጨዋወቱ ደካማውም ይደመጣል።

ዓይን የሆነች ድምፅ

በድምፅ ድራማ ውስጥ ባልደረባ መሆን በቴሌቪዥን ካለው ይለያል። በስክሪን ላይ ባልደረባዋ ብትደነግጥ ፊቷን እናያለን። በድምፅ ግን እሷ ያልተናገረችው ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ክፍሉ ጨለማ መሆኑን፣ ግድግዳው መርጠቡን፣ ሰውዬው መግባቱን የምናውቀው በሆነ ዘዴ ከአፏ ሲወጣ ነው። ዘዴው ከከሸፈ አስቂኝ ይሆናል። «ኧረ ተመልከት፣ በቀኝ እጁ ሽጉጥ ይዟል!» የሚል ሰው በሕይወታችን ገጥሞን አያውቅም። የቢግ ፊኒሽ የመጀመሪያ ሥራዎች ከዚህ ጉድለት ነፃ አይደሉም።

ቻርሊ ድራማውን ከዚህ ጉድለት የምታድነው በጠባይዋ ነው። ወሬኛ ናት። ያየችውን ሁሉ ትናገራለች፤ ስለዚህ መግለጫው ከሰውነቷ ይወጣል እንጂ ከደራሲው አይመስልም። ኢንዲያ ፊሸር ድምፅዋ የጨዋ ልጅ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ቃላቱን ነጥሎ የሚያወጣ፣ ውስጡ ሳቅ ያለበት። በእንግሊዝ ከዶክተር ሁ ጋር ምንም የማይገናኝ ሰው እንኳ ይሄንን ድምፅ ያውቀዋል። «ማስተርሼፍ» የተባለውን የቢቢሲ የምግብ ውድድር ከ2005 ጀምሮ የምትተርከው እሷ ናት። ቻርሊን ከመሆኗ በፊት በ2000 በወጣው «ዊንተር ፎር ዚ አዴፕት» ውስጥ ሌላ ትንሽ ሚና ነበራት።

የማጋን ዶክተር ደግሞ ፍቅር ያለበት፣ ቸኳይ፣ የታዋቂ ሰዎችን ስም እየጠራ የሚያወራ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲያወሩ የልምምድ ጽሑፍ የሚያነቡ አይመስሉም። ድራማው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

«ዘ ቻይምስ ኦፍ ሚድናይት»

በ2002 የወጣው ሁለተኛው ዙር ይሻላል፤ በጣም ይሻላል። መክፈቻው ማርክ ጌቲስ የጻፈው «ኢንቬደርስ ፍሮም ማርስ» ነው። በኦክቶበር 1938 ኦርሰን ዌልስ በሬዲዮ ያቀረበው የማርስ ወረራ ድራማ አድማጮችን እንዳስደነገጠ ይነገራል። ታሪኩ ኒውዮርክን በዚያ ሰሞን ያሳየናል፤ እውነተኛ ወራሪዎችም ጨምሮበት። ስለ ሬዲዮ ድራማ የተሠራ የድምፅ ድራማ ነው።

ቀጥሎ የመጣው «ዘ ቻይምስ ኦፍ ሚድናይት» ነው። ደራሲው ሮበርት ሺርማን። ስለ ቻርሊ አንድ ሥራ ብቻ ስሙ ብባል ይሄንን እላለሁ፤ ብዙ አድናቂዎችም ይስማማሉ። ዶክተሩና ቻርሊ የገና ዋዜማ ላይ፣ በ1906፣ አንድ የሀብታም ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ከሠራተኞቹ በቀር ማንም የለም። ምግብ አብሳይ፣ የቤት አዛዥ፣ ሾፌር፣ ገረድ። ሰዓቱ በደወለ ቁጥር አንድ ሰው ይሞታል። ከሠራተኞቹ ሁሉ የምታንሰው ኤዲት ትባላለች። ዕቃ አጣቢ ናት። ማንም አይቆጥራትም። «እኔ ማንም አይደለሁም» ማለትን ተምራለች። እኩለ ሌሊት ሲደርስ ጊዜው ወደ ኋላ ይመለስና እንደገና ይጀምራል፤ የሞቱት ይነሳሉ፣ የሞቱበትም ይረሳል።

ምክንያቱ ቻርሊ ናት። (መስማት የሚፈልግ ሰው ይሄንን አንቀጽ ይዝለለው።) ኤዲት ከዓመታት በኋላ ፖላርዶች ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጥራለች። ከቤቱ ሰው ሁሉ ያከበረቻት ትንሿ ቻርሊ ነበረች። የአር 101 ወሬ ሲመጣ ኤዲት ሐዘኑን መሸከም አቅቷት ራሷን አጠፋች። ግን ቻርሊ አልሞተችም። ታዲያ ኤዲት በምን ምክንያት ሞተች? ሞታለችም፣ አልሞተችምም። ቤቱ የሚታመሰው ይሄ ቅራኔ ስላልተፈታ ነው። ሺርማን የጊዜ ጉዞን ቀመር ወደ አንዲት የተናቀች ሠራተኛ ሐዘን አወረደው። መፍትሔውም መሣሪያ አይደለም፤ ወሬ ነው። አንድ ሰው ኤዲትን ማነጋገር አለበት።

ጸሐፊው በ2003 «ጁቢሊ» የተባለ ሌላ የድምፅ ድራማ ጽፏል። ቴሌቪዥኑ በ2005 ሲመለስ ከዚያ ተነስቶ «ዳሌክ» የተባለውን ክፍል ጻፈ።

ከ«ኔቨርላንድ» እስከ «ስኬርዞ»

ዕዳው የሚከፈለው በጁን 2002 ነው። «ኔቨርላንድ» ውስጥ የጊዜ ጌቶች ቻርሊን ይዘው ይመጣሉ። መኖሯ በጊዜ ላይ ቀዳዳ ከፍቷል፣ በቀዳዳውም ፀረ ጊዜ የተባለ መርዝ እየገባ ነው። ዶክተሩ አሳልፎ አይሰጣትም። ጋሊፍሬይን ለማዳን መርዙን ወደ ራሱ ታርዲስ ያስገባና እሱ ራሱ ይበከላል። ድራማው እዚያ ላይ ልብ አንጠልጥሎ ቆመ። አድማጩ ቀጣዩን ያገኘው በኖቬምበር 2003 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ!

«ዛግሪየስ» ለዝግጅቱ 40ኛ ዓመት የወጣ፣ ሦስት ሲዲ የሞላ፣ አራት ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው። የቀድሞ ዶክተሮችንና ባልደረቦችን የተጫወቱ ተዋንያን ተሰብስበውበታል፤ ብዙዎቹ የለመድነውን ሚናቸውን ሳይሆን ሌላ ሰው ሆነው። እውነቱን ለመናገር ይበዛል። መንገዱ ይጠፋል። ግን ስለ ቻርሊ አንድ ትልቅ ነገር ያደርጋል። ዶክተሩ በውስጡ በቀረው ብክለት የተነሳ ጊዜ ወደሌለበት ሌላ ዩኒቨርስ ብቻውን ሊሰደድ ይወስናል። እሷ ግን አር 101 ላይ እንዳደረገችው ተደብቃ ትከተለዋለች።

ቀጥሎ «ስኬርዞ» ይመጣል፤ ይሄም የሺርማን ነው። ተዋንያኑ ሁለት ብቻ ናቸው። ማጋንና ፊሸር። ታርዲስ ጠፍታለች። ብርሃኑ ዓይን የሚነሳ ነጭ ነው፤ ማየት አይቻልም። ሽታም የለም፣ የሚዳሰስ ነገርም እየራቀ ነው። የቀራቸው ድምፅ ብቻ ነው። አድማጩም የቀረው ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር እኩል ይሆናል። ዶክተሩ ተቆጥቷል። ለእሷ ሲል ሁሉን ጥሏል፤ እሷ ደግሞ ተከትላው መጥታ መሥዋዕትነቱን ከንቱ አደረገችበት። ይጨቃጨቃሉ። እርስ በርስ የሚጎዳ ነገር ይባባላሉ። በዚያ ባዶ ቦታ አንድ ሕይወት ያለው ድምፅ እያደገ ነው። ይሄንን ወደ ፊልም መገልበጥ አይቻልም። መኪና እየነዱም ባይሰሙት ይሻላል።

ከዚያ ክሪዝ የተባለ፣ እንደ እስስት መልኩን የሚቀይር ሌላ ተጓዥ ተጨመረ። ኮንራድ ዌስትማስ ተጫወተው። ሦስትነቱ አንዳንዴ ሠራ፣ አንዳንዴ ተጨናነቀ። በ2007 በወጣው «አብሶሉሽን» የክሪዝ ጉዞ አበቃ።

የተገላቢጦሽ ትውውቅ

ዲሴምበር 2007 ላይ «ዘ ገርል ሁ ኔቨር ዋዝ» ወጣ። ባርንስ እንደገና። ቻርሊ በክሪዝ ሞት የተነሳ ከዶክተሩ ጋር ተጣልታ ልትለየው ነው። ያለመቻት ሲንጋፖር ከሰባት ዓመት በኋላ እዚህ ታሪክ ውስጥ ትመጣለች። መጨረሻው ላይ ዶክተሩ ሊረሳት፣ እሷም ሩቅ በሆነ መጪ ዘመን ብቻዋን ልትቀር ነው። የእርዳታ ጥሪ ታሰማለች። ታርዲስ ይመጣል። በሩ ተከፍቶ የሚወጣው ሰው ግን የማታውቀው ነው። ስድስተኛው ዶክተር፣ ኮሊን ቤከር።

ይሄ እስካሁን በጣም የምወደው ዘዴ ነው። ስድስተኛው ከስምንተኛው ይቀድማል። ስለዚህ ቻርሊ የዚህን ሰው የወደፊት ሕይወት ታውቃለች፤ እሱ ግን እሷን አያውቃትም። መናገር አትችልም። ከተናገረች ታሪኩን ታበላሻለች። በ2001 እሱ ምስጢር ይደብቅባት ነበር፤ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። እሱ ደግሞ ብልህ ነው፣ ይጠረጥራታል። በ2008 ከወጣው «ዘ ኮንደምድ» ጀምሮ እስከ 2009ኙ «ብሉ ፎርጎተን ፕላኔት» ድረስ ተጓዙ። መፍትሔውም ያው መራር ነው። ስምንተኛው ሲያገኛት አዲስ ሰው እንድትሆንበት፣ ስድስተኛው ያለው ትዝታ በሌላ ሴት ስም ተተካ።

ከዚያ በኋላ የራሷን ተከታታይ አገኘች። የመጀመሪያው በ2014፣ ሁለተኛው በ2017 ወጣ። በ2022 ደግሞ ከማጋን ጋር ተመልሳ፣ በቀድሞ ጉዞዎቻቸው መሃል የሚገቡ አዳዲስ ታሪኮች ተሠሩ።

ከሲዲው ውጭ

የሲዲ ገዢ ጥቂት ነው። ቻርሊ ሰፋ ያለ ጆሮ ያገኘችው በ2005፣ የማጋን ታሪኮች በቢቢሲ 7 ዲጂታል ሬዲዮ መተላለፍ ሲጀምሩ ነው። መንገዱ ተጠረገ። በ2006 መጨረሻ ለዚያው ጣቢያ ታስቦ አዲስ ተከታታይ ተጀመረ፤ የዶክተሩ ባልደረባ ግን ሉሲ ሚለር ነበረች። ሸሪዳን ስሚዝ የተጫወተቻት፣ አፏ የማይያዝ የሰሜን እንግሊዝ ልጅ። ከቻርሊ የምትለየው በሁሉም ነገር ነው።

በአድናቂዎች መሃል አንድ የቆየ ክርክር ነበር። የድምፅ ድራማዎቹ እውነት ከታሪኩ ይቆጠራሉ? ወይስ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው ዋናው? ኖቬምበር 14 ቀን 2013 ቢቢሲ አንድ አጭር ፊልም በኢንተርኔት ለቀቀ። «ዘ ናይት ኦፍ ዘ ዶክተር» ይባላል፤ የጻፈው ስቲቨን ሞፋት ነው፣ ሰባት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ማጋን ከ17 ዓመት በኋላ በምስል ታየ። የእሱ ዶክተር የሚሞትበት ነው። ከመለወጡ በፊት የጓደኞቹን ስም ይጠራል። መጀመሪያ የጠራው ቻርሊን ነው፤ ከዚያ ክሪዝን፣ ሉሲን፣ ታምሲንንና ሞሊን። አምስቱም በቴሌቪዥን ታይተው የማያውቁ፣ ከድምፅ ድራማ የመጡ ናቸው። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አላበቃም፤ አድናቂ መቼ ይስማማል። ግን «አይቆጠርም» ባዩ ወገን ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁ ቀንሷል።

ለመጀመር

ቁጥሩ ያስፈራል። ዋናው ወርኃዊ ተከታታይ በ2021 ሲዘጋ 275 ደርሶ ነበር። ሁሉን መስማት አያስፈልግም። «ስቶርም ዋርኒንግ»፣ «ዘ ቻይምስ ኦፍ ሚድናይት»፣ «ኔቨርላንድ»፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ሦስቱ የእሷን ዋና ታሪክ ይይዛሉ። ከወደዷት «ዛግሪየስ»ን በትዕግሥት አልፈው «ስኬርዞ» ላይ ይደርሳሉ። ከቻርሊና ከስድስተኛው ዶክተር ጉዞ መጀመር ግን አይመከርም፤ ጣዕሙ ያለው እሷ የምታውቀውን ማወቅ ላይ ነው።

ድራማዎቹ ከኩባንያው ድረ ገጽ እየተገዙ ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዎች በስፖቲፋይም ተለቅቀዋል። እንግሊዝኛው የ1930 የጨዋ ቤት እንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ፈጠን ይላል። በጆሮ ማዳመጫ፣ ማታ ላይ ቢሰሙት ይሻላል። የሞተሩ ጉርምርምታና የማዕበሉ ድምፅ በስልክ ትንሽ ስፒከር አይወጣም።